የእሁዱ ሎግ

ፊልሞናን ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያገኘው የሥራ ባልደረባው ሱፊያን ነው። የሰርቨሩ ክፍል በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ስለነበር በትከሻው ገፍቶ ሰበረው። ፊልሞና ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፏል፤ ለአፍታ ያሸለበ ይመስላል። ከበሩ ውጭ፣ ጠባቡ ኮሪደር ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጁን ጨርሶ ቆሟል።

ሐኪሙ በጄኔሬተር ጭስ ታፍኖ መሞቱን ጻፈ። ሌላውን ሰው ጨመረበት። በሩ ተቀርቅሯል፤ ልጁ ከሦስት ቀን በፊት የውጭ ትምህርት ዕድል ተከልክሏል፤ ስለዚህ ራሱን አጥፍቷል። ወሬው ከቀብሩ ቀድሞ ኮተቤ፣ እናቱ ሰፈር ደረሰ። በአሥራ አምስተኛው ቀን እናቱ ወይዘሮ የሺሃረግ ፖሊስ ጣቢያ መጥተው ኢንስፔክተር ሮማነወርቅ ፊት ተቀመጡ።

«ልጄ ራሱን አላጠፋም» አሉ። «አጥፍቶም ከሆነ ንገሪኝ። ሳላውቅ መሞት አልፈልግም።»

ሮማነወርቅ ቃል አልገባችላቸውም። ሊዘጋ የተዘጋጀውን ዶሴ ብቻ ከመደርደሪያው አወረደች።

ድርጅቱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ያለ አሮጌ ፎቅ ቤት ነው። አምስት ሰዎች ይሠሩበት ነበር፤ አሁን አራት ቀርተዋል። ሥራቸው የአንድ ኮተቤ ያለ ክሊኒክ የሕሙማን ካርድ ያለበትን ሰርቨር መጠበቅ ነው። ዘመኑ የመብራት ፈረቃ ዘመን ነበር፤ መብራት ሲሄድ ተረኛው መጥቶ ጄኔሬተሩን ያስነሳል፣ ከዚያ ሰርቨሩን በእጁ ያስነሳል።

ዘበኛው አቶ በዳዳ በሩ ላይ ተቀበሏት።

«ያን ቀን የት ነበሩ አባባ?»

«የሰኔ ማርያም ነዋ! እንጦጦ ወጥቼ ነበር። በየዓመቱ ነው የምወጣው፤ ጌቶችም ያውቃሉ። ጄኔሬተሩን ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሥር ትቼው ነው የሄድኩት። ማን እንዳስገባው እንጃ። ጎማ ስላለው ሕፃንም ይገፋዋል።»

«ይህ በርስ ሁልጊዜ ይቀረቀራል?»

ሽማግሌው አዲስ የተጠገነውን በር ዘጉና ለቀቁት። በሩ እያቃሰተ በራሱ ተከፈተ።

«ቤቱ ወደ ቁልቁለቱ ያዘመመ ነው። ካልቀረቀሩት አይዘጋም። እዚህ የሚቀመጥ ሁሉ ይቀረቅራል።»

ሮማነወርቅ ቀና አለች። ከበሩ በላይ አንድ ማራገቢያ የኮሪደሩን አየር እየሳበ ወደ ክፍሉ ያስገባል፤ ማሽኑ እንዳይግል ነው። ረጅም ጊዜ አየችው።

የድርጅቱ ባለቤት አቶ ሀብተወልድ የተረኞቹን ደብተር አቀረበላት። የመጨረሻው ጽሑፍ በፊልሞና እጅ የተጻፈ ነው፦ «እሁድ፣ 5 ሰዓት። መብራት የለም። ጄኔሬተርና ሰርቨር አስነሳሁ። ፊልሞና።»

«በራሱ እጅ፤ ተራውም የእሱ ነበር» አለ ሀብተወልድ። «ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እኔ እሁድ ጠዋት እንጦጦ ስሮጥ ነበር፤ ብቻዬን። መጠርጠር ከፈለጉ ይጠርጥሩኝ።»

«ተራ መለዋወጥ ይቻላል?»

«ከልክያለሁ። ሚያዝያ ላይ ጊፍቲ በሰው ተራ ገብታ የክሊኒኩን ሥራ ግማሽ ቀን አቆመችብን። ሁለተኛ ከተራዋ ውጭ ያን ማሽን ብትነካ እንደማባርራት በጽሑፍ ሰጥቻታለሁ።»

ጊፍቲ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። ከነቀምት መጥታ በሙያዋ የምታድር፣ ከመስከረም በኋላ ፊልሞናን ልታገባ የነበረች ልጅ ናት። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም።

«ያን ቀን ቸርች ነበርኩ» አለች። «ኳየር አለኝ፤ ከሰዓት በኋላ ዘምረናል።»

«ጠዋትስ?»

«ልምምድ።»

«ደውሎልሽ ነበር?»

«ስዘምር ስልኬን ዘግቼ ነበር። አራት ጊዜ ደውሏል።»

ሱፊያን ግን ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ። «እኔን እንደሚጠረጥሩ አውቃለሁ። ያን የትምህርት ዕድል ያገኘሁት እኔ ነኝ። የሰርቨሩም ዋና የይለፍ ቃል ያለው በእኔ እጅ ነው። ሎግ ማጥፋት የምችለው እኔ ብቻ ነኝ።»

«መጀመሪያ ሎግ ምን እንደሆነ ንገረኝና ከዚያ አስርሃለሁ።»

ሱፊያን ሳይወድ ፈገግ አለ። «ሰርቨሩ ስለ ራሱ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። መቼ ተነሳሁ፣ ማን አስነሳኝ፣ ምን ተበላሸ። የእሁዱ የለም። ከቅዳሜ ወደ ሰኞ ይዘላል። ወይ ሰርቨሩ እሁድ አልተነሳም፣ ወይ አንድ ሰው አጥፍቶታል። እኔ ግን አላጠፋሁም።»

ሮማነወርቅ በማግስቱ ኮተቤ ወርዳ ክሊኒኩን ጠየቀች። ነርስ ፀዳለ መርፌ እያዘጋጀች ነበር።

«አልተነሳም ያለው ማነው? አምስት ሰዓት ገደማ ተከፈተልኝ፤ እስከ አመሻሹ ሠርቷል። ግን የአንድ ሕፃን ካርድ ሁለት ሆኖ መጣብኝ። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ፊልሞና ቤት ደወልኩ።»

«በሞባይሉ?»

«በቤት ስልክ። እናቱ አነሱና አቀበሉት። ‹አሁን ሄጄ ሎጉን አያለሁ፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው› አለኝ። ሰባት ሰዓት ላይ መልሶ ደወለ። ‹ሎጉን አጣሁት ፀዲ፣ ራሴን ደግሞ እያመመኝ ነው› አለ።» ፀዳለ መርፌውን አስቀመጠች። «‹ሻይ ጠጣ› አልኩት። ነርስ ሆኜ፣ ሻይ ጠጣ አልኩት።»

ሮማነወርቅ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስትመለስ ሱፊያንን ብቻውን ማሽኑ ፊት አስቀመጠችው።

«ሰርቨሩ ሎጉን የት እንደሚጽፍ በምን ያውቃል?»

«‹ሎግስ› የሚባል ማህደር ውስጥ ጻፍ ብለነዋል።»

«ሙሉ አድራሻ ሰጥታችሁታል ወይስ ስሙን ብቻ?»

«ስሙን ብቻ። ሁልጊዜ የሚነሳው ከራሱ ቦታ ስለሆነ...» ሱፊያን አቋረጠ።

«አንድን ሰው ‹እቃውን ጎረቤት አስቀምጥ› ብትለው፣ የሚያስቀምጠው የቆመበት ቤት ጎረቤት ነው። ያን ቀን ያስነሳው ሰው የት ቆሞ ነበር?»

«በእጅ ሲነሳ...እያንዳንዳችን ማሽኑ ላይ የራሳችን ማህደር አለን፤ ሰው በዚያ ውስጥ ሆኖ ሊያስነሳው ይችላል። ያኔ ሎጉ እዚያው ይጻፋል። እኛ ደግሞ የሰው ማህደር አንከፍትም። የግል ነገር ይኖረዋል፤ ነውር ነው።»

«ዛሬ ክፈት።»

ሱፊያን ጻፈ። ስክሪኑ አንድ መስመር መለሰ። አንብቦ አፉን በመዳፉ ያዘ።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ሁሉንም ፎቅ ላይ ባለው የስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ የሺሃረግ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ጊፍቲ ከጎናቸው ሆና እጃቸውን ይዛለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል።

«ከበሩ እንጀምር» አለች ሮማነወርቅ። «መቀርቀሩ ሞት መፈለጉን አያሳይም። ሁላችሁም ትቀረቅሩታላችሁ። ጭሱን ያስገባው ከበሩ በላይ ያለው ማራገቢያ ነው። ፊልሞና ለአምስት ደቂቃ ብሎ ገባ። ዝናብ ነበር፤ ጄኔሬተሩ ኮሪደር መግባቱ ክፉ አልመሰለውም።»

«ራሱ ነው ያስገባው» አለ ሀብተወልድ። «ደብተሩ ላይ ጽፏል።»

«ደብተሩ ይዋሻል። አምስት ሰዓት ላይ አስነሳሁ ይላል። ሰርቨሩ በእርግጥ አምስት ሰዓት ላይ ተነስቷል፤ ፊልሞና ግን አምስት ከሃያ ላይ ኮተቤ፣ እናቱ ቤት፣ በቤት ስልክ ያወራ ነበር። ያላደረገውን ለምን አደረግሁ ብሎ ይጽፋል?»

ደብተሩን ከፍታ ጠረጴዛው መሃል አኖረችው።

«ሰው የራሱ ያልሆነውን ጥፋት የሚወስደው ለሚወደው ነው። ሥራዋን ልታጣ ለምትችል ሰው። ግን ያስነሳችው ከራሷ ማህደር ውስጥ ሆና መሆኑን እሱ አላወቀም። ሎጉን በቦታው ፈለገው፣ አጣው፣ እንደገና ፈለገው። ሁለት ሰዓት ያህል። የእሷን ማህደር ቢከፍት በአንድ ደቂቃ አግኝቶ ይወጣ ነበር። አልከፈተም። ነውር ነዋ።» ወደ ሱፊያን ዞረች። «ያገኘኸውን አንብብ።»

ሱፊያን ፊቱ ያለውን ወረቀት ሳያነሳ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እሁድ፣ አምስት ሰዓት ከሁለት ደቂቃ። ያስነሳው ሰው፣ ጊፍቲ።»

ወይዘሮ የሺሃረግ እጃቸውን አላላቀቁም። ያላቀቀችው ጊፍቲ ናት።

«ሦስት ቀን አልተኛም ነበር» አለች። «ትምህርቱን ሲከለክሉት። ለአንድ ቀን ይረፍ ብዬ ነው። ወደ ልምምድ ስሄድ ገባሁ፤ ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ጄኔሬተሩን ወደ ውስጥ ገፋሁት። ‹አስነስቼዋለሁ፣ አንተ ተኛ› ብዬ መልእክት ላኩለት። እንደሚመጣ አላወቅኩም። ሰኞ ደብተሩን አየሁት። በስሙ ጽፎልኝ ሞተ። ብናገር...እሱ የሸፈነውን እኔ...»

«ሥራሽን ነው የሸፈነልሽ» አለች ሮማነወርቅ። «እናቱን እንድታቃጥይ አልጻፈም። ቀሪውን ፍርድ ቤት ያያል።»

ሀብተወልድ አንገቱን ደፍቶ ነበር። «ያን ደብዳቤ ባልጽፍ...» አለ፤ የሚሰማው አላገኘም።

ወይዘሮ የሺሃረግ ወደ ጊፍቲ ዞሩ። «አሥራ ሰባት ቀን» አሉ። «ምን አድርጌው ነው፣ ምን ብዬው ነው፣ ያን ቀን ቁርስ ሳቀርብለት ፊቴን አጥቁሬበት ይሆን እያልኩ። አንቺ ደግሞ አጠገቤ ተኝተሽ እንባዬን ትጠርጊ ነበር።»

«እትዬ የሺ...»

«ዝም በይ።» ወደ ሮማነወርቅ ተመለሱ። «ጻፊልኝ። ራሱን አላጠፋም ብለሽ ጻፊና ማኅተም አድርጊበት።»

ሮማነወርቅ እዚያው ጻፈች፤ ማኅተሙ ጣቢያ እንደሚመታ ነገረቻቸው። እናትየው ወረቀቱን ከእጇ ወስደው ጊፍቲ ጭን ላይ አኖሩት።

«እሁድ ምዕመኑ ፊት ይህን የምታነቢው አንቺ ነሽ። በምትዘምሪበት ቦታ ቆመሽ። ፖሊሷ እስከ እሁድ ትፍቀድልሽ።»

ሮማነወርቅ ዶሴዋን ዘጋች። «ፖሊስ አብሯት ይሄዳል» አለች።

«ከዚያስ?» አለች ጊፍቲ።

«ከዚያማ ይወስዱሻል።» ወይዘሮ የሺሃረግ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ። ለመራመድ ግድግዳውን ያዙ፤ ጊፍቲ ልትደግፋቸው ብድግ ስትል በእጃቸው ከለከሏት። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ ተናገሩ።

«ዘመዶችሽ ነቀምት ናቸው፤ እስር ቤት ስንቅ የሚያመላልስልሽ የለም። ምሳሽን እኔ አመጣለሁ። አይንሽን ግን ገና ማየት አልችልም፤ በሩ ላይ ሰጥቼ እመለሳለሁ።»