እየተነሳ የሚሞተው መጋዝ

ወደ ጥድ አምባ የሚወስደውን ዳገት አንድ ጊዜ የወጣች በቅሎ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ልትጫን ስትል ታማ ትተኛለች ይባላል። ኢንስፔክተር ባንችይርጋ በቅሎ ስላልሆነች መታመም አልተፈቀደላትም። ባጃጁ ከላሊበላ አምጥቶ ዳገቱ ሥር ጥሏት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉልበቷ ይወቀው። ጉልበቷ ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ነው።

«ኢንስፔክተር፣ እንረፍ እንዴ?» አለ ከኋላዋ የሚከተላት ኮንስታብል ኢክሪማ።

«ማረፍ ሲያስፈልግ እኔ እነግርሃለሁ» አለችና፣ ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ መንገዱ ዳር ካለች አፈር የለበሰች ጉብታ ላይ ዘጭ አለች። «አሁን አስፈለገ።»

የደብሩ ጫካ ለደካማ ሰው የተሠራ ይመስል መቀመጫ ሞልቶታል። እሷም አንዱንም ሳታልፍ፣ ጉብታ ባገኘች ቁጥር እየተቀመጠች፣ ተሳፋሪ ካየ እንደማያልፍ ሚኒባስ እየቆመች፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ከጥድ አምባ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ደረሰች።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልልታው ከወዲያኛው ተራራ ተጋጭቶ ሁለት እልልታ ሆኖ ይመለስ ነበር። ዛሬ ግን ታቦቷ አልወጣችም። ሌሊቱን በማኅሌት ቆሞ ያደረው ነጭ ለባሽ ሁሉ ምግብ ሳይቀምስ፣ መቀመጥም ሳያምረው፣ አጥር ጥግ ላይ ተደርድሮ ይመለከታል። የሚመለከተው አንድ የወደቀ ጥድ ነው። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ከግንዱ ሥር የእንጨት ቆራጩ የጋሻዬ እጅና ጭንቅላት ይታያሉ። አጠገቡ የሞተር መጋዙ በጎኑ ተኝቷል።

የደብሩ አስተዳዳሪ ቄሰ ገበዝ ባምላክ መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ልጄ፣ በከንቱ ደከምሽ። ይህ ምርመራ አያሻውም» አሉ። «ጋሻዬን የቤተ ልሔሙን ጣሪያ ስለምናድስ ባሕር ዛፍ ቁረጥልን አልነው። ባሕር ዛፍ! እሱ በንግሥዋ ቀን፣ እኛ ማኅሌት ላይ ሳለን፣ የቅጥሯን ጥድ በሞተር ቆረጠ። ጥዱም ተጫነው።»

«ቀብሩስ አባ?»

«ሕዝቡ ከቅጥር ውጭ ይቀበር ይላል። ፍትሐትም አይደረግለት ይላል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔ ደክሞኛል» አሉ ቄሰ ገበዙ።

የሟች ሚስት ይማርሽ ከግንዱ አጠገብ ተቀምጣ ያንን የወጣ እጅ ይዛለች። አልጮኸችም፤ ድምፅዋ ገና ጠዋት አልቋል።

«እትዬ» አለች ባንችይርጋን ቀና ብላ እያየች፣ «እሷ የምሕረት እመቤት አይደለችም እንዴ? ስለ አንድ ዛፍ ሰው ትገድላለች? ልጆቼ እኮ ዕድሜ ልካቸውን የቀሰፈችው ሰውዬ ልጆች ሊባሉ ነው። ከውጭ እንደ ውሻ ከቀበሩት ማን ይጠጋቸዋል?»

«ትናንት ማታ ቤት ገብቷል?»

«አልገባም። ማኅሌት አድሮ ይሆናል ብዬ አልፈለግሁትም። ወንዱ ሁሉ እዚሁ ነው የሚያድር።» ትንሽ አሰበችና ግንባሯን ቋጠረች። «ግን ነጠላው ቤት ተሰቅሏል። አጥቤ ሰቅየለት ነበር። ጋሻዬ ለማኅሌት ያለ ነጠላ ከቅጥር አይገባም።»

ባንችይርጋ ከሟች ትከሻ ላይ ያለውን ልብስ ጎንበስ ብላ አየች። በዘይት የጠቆረ የሥራ ካፖርት ነው።

ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው የደብሩ ጫካ ጠባቂ አረጋ ነው። አረጋ ወሬ ሲያወራ እጁ ከአፉ ይቀድማል።

«እንግዲህ እኔ በላይኛው በር ጥበቃ ላይ ነኝ እትዬ። ሊነጋ ሲል ሞተሩ ተነሳ። ግርርርር! እንደ ወፍጮ! ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ ጥዱ እስኪወድቅ ጮኸ። ከዚያ ምድር ተናወጠች። ስሮጥ ብመጣ አልቋል።»

«ትንፋሽ ሳይወስድ?»

«ሳይወስድ። ሞተር አይደለም እንዴ?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ልንገርዎት፣ ከዚያ ከሥራ ባልደረባው ከምንይችል ጋር ትናንት ተጣልተዋል። ምንይችል ምሳርም አለው።»

ምንይችል ይህን ሰምቷል። ከወደ ግንዱ መጣ፤ ረጅም ነው፣ ሲናደድ ደግሞ ይጨምራል።

«ተጣልተናል! ሰንሰለቱን ማን ይሞርድ ብለን ነው የተጣላነው። በየቀኑ ነው የምንጣላው። ያልተጣላን ቀን አንዳችን ታመናል ማለት ነው።»

«እሺ» አለች ባንችይርጋ። «አሁን ግንዱን እንዴት እናንሳለት?»

«በምሳር ብንመታው እየተንከባለለ ሬሳውን ይጨፈልቀዋል። በሞተሩ ከዚህና ከዚያ ቆርጠን ማንሳት ነው።»

«እንግዲያው አስነሳው።»

ምንይችል አማተበና ገመዱን ሳበ። መጋዙ ጮኸ። ጥርሱ ግንዱ ውስጥ ጥቂት እንደገባ ድምፁ ቀጠነ፣ አቃሰተ፣ ጸጥ አለ። ሕዝቡ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አንዲት ሴት «አየሽ፣ እሷ ናት» አለች። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሳበ፤ ተነሳ፣ ሮጠ፣ ሞተ። ደግሞ ሳበ። እንደ ሰነፍ ተማሪ «አለሁ» ብሎ ተመልሶ ይተኛል።

«አትደናገጥ» አለች ባንችይርጋ አንድ ድንጋይ ላይ እየተቀመጠች። «ይነሳል፤ ስለዚህ ጨርሶ አልተበላሸም። የሚያቆመውን እንፈልግ። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ አውጣ።»

አወጣው። ደርቋል፣ ጸድቷል። መልሶ ገጠመው። የአየር ፊልትሮውን አወጣ፤ አራገፈው፣ አቧራ እንኳ ብዙ የለውም። ቤንዚኑን ከቱቦው በመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ አሻሸው፤ ዘይቱ ተመጥኖ ገብቷል። አሁንም አስነሳው፤ አሁንም ሮጦ ሞተ። ምንይችል ጆሮውን ወደ ቤንዚን መያዣው አስጠግቶ ክዳኑን በዝግታ ፈታ።

*ፊስስስስ!*

«ይኸውላችሁ!» አለ። «ታንቋል!»

«ምን ማለት ነው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«አባ፣ ቤንዚኑ ሲጎድል በቦታው አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አለችው። እሷ ከተደፈነች ሞተሩ ጠብቶ ጠብቶ ይታነቃል። ቆይቶ ትንሽ አየር ሲሾልክለት ይነሳል፣ ደግሞ ይታነቃል። ጋሻዬ መጀመሪያ ያስተማረኝ ነው፤ ሮጦ ከሞተ ክዳኑን አላላው ይለኝ ነበር።»

ክዳኑን ላላ አድርጎ ሲያስነሳው መጋዙ የሌሊቱን ሁሉ ቁጣ አወጣ። ግንዱ ከዚህም ከዚያም ተቆረጠ፤ ጎረምሶቹ ተጋግዘው አነሱት። የባንችይርጋ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው በሟች ጀርባ ላይ ነው። ከዚያ ድርቅ ያሉትን ጣቶቹን፣ ከማጅራቱ ላይ ደርቆ የጠቆረውን ደም አየች። ሥሩ ያለው ሣር ንጹሕ ነው። ካፖርቱን በእጇ ዳበሰችው። 

ቀጥላ ክዳኑን ተቀብላ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ቀዳዳዋ ውስጥ ቢጫ ነገር ተወትፏል። በጥፍሯ ጫረችና አሸተተችው። ጧፍ ጧፍ አላት።

የደብሩን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ናቸው። በራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲያዞሩ አገኘቻቸው። ክዳኑን ሲያዩ መቁጠሪያው ቆመ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ የገደልሁት።»

«እማሆይ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ።»

«ትናንት ወደ ማታ ጋሻዬ፣ ነገ ንግሥ ስለሆነ ሥራ የለም፣ ሞተሩን ያሳድሩልኝ ብሎ ሰጠኝ። ከሄደ በኋላ ልብሰ ተክህኖው ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ካህናቱ ይህን ለብሰው ታቦት እንዴት ያውጡ? ፈልጌ ፈልጌ ሽታው ከዚያች ቀዳዳ እንደሚወጣ አገኘሁ። ከጧፍ ሰም ቆርጬ ደፈንኳት። ሊነጋ ሲል ደግሞ ሰማሁት። ግር ይላል፣ ይሞታል። ግር ይላል፣ ይሞታል። ከዚያ ብዙ ቆይቶ ጥዱ ወደቀ። ሞተሩ እምቢ እያለው ተናዶ ሳይጠነቀቅ ነው የሞተው። በእኔ ሰም!»

«ሞተሩን ከእርስዎ ማን ወሰደው?»

«እንጃ ልጄ። ጥላውና ከበሮው ሲወጣ በሩ ክፍት ነበር። ዲያቆናቱ ይገባሉ፣ አረጋም ባትሪ ልውሰድ ብሎ ገብቶ ነበር። ጋሻዬን ግን አላየሁትም።»

ባንችይርጋ እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው። «ይምጡ እማሆይ። እርስዎ ሰው አልገደሉም። ተቀምጠን እናውራው፤ እኔም መቆም አልችልም።»

ሁሉም በጥዱ ጉቶ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ቄሰ ገበዙ፣ እማሆይ፣ ይማርሽ፣ ምንይችል፣ አረጋ። ከኋላቸው ሕዝቡ ቆመ። ኢክሪማ ከባንችይርጋ ጋር በጆሮ ተነጋግሮ ወደ ገደሉ ጫፍ ሄዷል።

«ጋሻዬ ይህን ጥድ አልቆረጠም» ስትል ጀመረች። ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀች። «ምንይችል፣ ልብስህን እይ።»

ምንይችል ወደ ራሱ አየ። ከአንገቱ እስከ ጫማው የጥድ ብናኝ ለብሷል።

«ግንዱን ሁለት ቦታ ብቻ ቆርጠህ እንዲህ ሆንክ። ሙሉ ጥድ ቆረጠ የተባለው ሰው ካፖርቱ ላይ አንድ ብናኝ የለም። ደሙም እዚህ ሣር ላይ ጠብ አላለም፤ ልብሱ ላይ ነው የደረቀው። ነጠላውን ሊያመጣ ቤቱ አልገባም። ትናንት በሥራ ልብሱ ሳለ፣ ሌላ ቦታ ነው የሞተው። ማኅሌት አድሯል ስለተባለ የፈለገው የለም። ሬሳውን እዚህ ያመጣው ሰው ይህን ያውቃል።»

«ታዲያ ጥዱን ማን ቆረጠው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ጉቶውን ይዩት አባ። በዚህ በኩል ሞተሩ ቆርጧል፤ ግን እዚህ ተጀምሮ ቆሟል፣ እዚህ ደግሞ ተጀምሮ ቆሟል። በዚያኛው በኩልስ?»

ቄሰ ገበዙ ጎንበስ አሉ። «ሲወድቅ የተሰነጠቀ መስሎኝ ነበር። ምሳር ነው።»

«ምሳር ነው። ሞተሩ እየታነቀ ሲያስቸግረው በምሳር ጨረሰው።»

ሰው ሁሉ ወደ ምንይችል ዞረ። ምንይችል ነጣ።

«እሱን ተዉት» አለች። «ሁላችሁም እያያችሁት ክዳኑን ፈታው። ጋሻዬም ቢሆን ይፈታው ነበር፤ አስተማሪው እሱ ነው። ሌሊት የቆረጠው ግን ክዳን ማላላት የማያውቅ፣ ሞተር ከሩቅ ብቻ የሰማ ሰው ነው። ሞተሩ እየተቋረጠ እንደሞተ ለመናገር እንኳ ፈራ፤ በምሳር መጨረሱ እንዳይታወቅበት። እማሆይ ምን ሰሙ?»

«ግር ይላል፣ ይሞታል» አሉ እማሆይ።

«አንተስ አረጋ? ምን ነበር ያልከኝ?»

የአረጋ እጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። «እኔ… ከሩቅ ነበርኩ… ከበሮውም አለ…»

«እንደ ወፍጮ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ። ያ መጋዝ እማሆይ ሰሙን ከደፈኑበት ሰዓት ጀምሮ ትንፋሽ የለውም። ያልሰማኸውን ነው የነገርከኝ።»

«ለምን ብዬ ጋሻዬን እገድላለሁ?»

«ጉልበቴን ጠይቀው» አለች ባንችይርጋ። «ስመጣ በየጉብታው ላይ እየተቀመጥኩ ነው የመጣሁት። በፌስታል ውስጥ እንዳለ ዳቦ ለስላሳ አፈር ነው። የመጨረሻዋ ላይ እጄን ደገፍ ሳደርግ ሙጫ ያዘኝ። ጉቶ ናት። ሁሉም ጉቶ ናቸው፤ የደብሩ ጥድ ተቆርጦ አፈር ለብሷል። የጫካው ጠባቂ ይህን ካላየ፣ ወይ ዕውር ነው ወይ ቆራጭ ነው።»

በዚህ መሃል ኢክሪማ እያለከለከ ተመለሰ። «የግንድ መጎተቻ ዱካውን ተከትዬ ወረድኩ፤ ከገደሉ ሥር ዋሻ አለ ኢንስፔክተር። የተጠረበ ጥድ ሞልቶበታል። ምሳሩም እዚያው ነው። ደም አለበት።»

አረጋ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ሲያወራ የኖረ ሰው ወሬ ሲያልቅበት እንዲህ ነው የሚመስለው።

«ወደ ቤቱ ሲወርድ ስጠርብ አገኘኝ» አለ። «ለቄሰ ገበዙ እነግራለሁ አለ። ለመንኩት። ዞሮ ሲሄድ… በምሳሩ ጀርባ ነው፤ አንድ ጊዜ ነው። ከዚያ እሷ ቀሰፈችው ብትባል ማንም አይጠይቅም ብዬ…»

«በእመቤቴ ስም!» አሉ ቄሰ ገበዙ። መቋሚያቸውን አነሱ። አረጋን ለመምታት ያነሱት መስሎ ነበር፤ ግን ወደ ደወሉ አመለከቱበት። «ደወል ምቱ። ፍትሐት ይደረግ። ጋሻዬ ከውስጥ ነው የሚቀበር፣ እዚሁ ጥዱ ጥግ።»

ይማርሽ የተጨበጠውን እጅ አሁን ለቀቀች። «ነጠላውን አምጡልኝ» አለች። «ሳይለብሰው አይገባም።»

አረጋ በካቴና ከኢክሪማ ጋር ቀድሞ ወረደ። እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ባንችይርጋን እስከ በሩ ሸኟት።

«ልጄ፣ ያንን ሰም ባልደፍነው ኖሮስ?»

«ጥዱ በአንድ ትንፋሽ ይወድቅ ነበር እማሆይ። እኔም ወጥቼ፣ አይቼ፣ እውነትም ዛፍ ነው የገደለው ብዬ እወርድ ነበር። ጋሻዬ ከውጭ ይቀር ነበር።»

 የእማሆይ መቁጠሪያ እንደገና መዞር ጀመረ።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ የባሰ ነው። መንገዱ መካከል ስትደርስባቸው ከላይ ደወሉ ተሰማ። ከቅጥሩ ውስጥ ነው የሚመጣው። ኢክሪማ የኢንስፔክተሯን እርምጃ አይቶ ቆመላት።

«እንረፍ እንዴ? ያቻት ጉብታ።»

ባንችይርጋ ጉብታዋን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ የጫማዋን አፈር አራገፈች።

«በዚህ ጫካ ውስጥ ከእንግዲህ» አለች፣ «ቆሜ ነው የማርፈው።»