ጋምቦር ለዘርማ የተሰጠች ዕለት

በአዲስ ዓመት ማለዳ የዘርማ ወንዝ ወደ ኋላ ፈሰሰች። በሰመርታ ምድር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም ተሰምቶም አያውቅም። በኤልዳማ ወደብ የታሰሩት የሸምበቆ ጀልባዎች ገመዳቸውን እየጎተቱ አፍንጫቸውን ወደ ላይኛው አገር አዞሩ፤ ልብስ አጣቢዎች ልብሳቸው ሽቅብ ሲሄድ እያዩ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። ጭጋጉ ሲገለጥ ምክንያቱ ታወቀ። ቆዳው ድንጋይ፣ ደረቱ የከተማ ቅጥር የሚያህለው አዞ ሙርጋድ፣ ታላቁን ነጋሪት ከቤተ መቅደሱ ሰገነት በመንጋጋው ነጥቆ፣ ወንዙን እየገፋ በላይኛው አገር ወዳለው ገደል ሄዷል።

ያ ነጋሪት የሰመርታ እስትንፋስ ነበር። በየዓመቱ ሰባት ቀን ሲጎሰም ዘርማ ከምንጯ ትነቃለች፤ ቀስ ብላ ሞልታ እርሻውን ታለብሳለች፤ ጥቁር አፈሯን ትታም ትመለሳለች። ገብሱም፣ ተልባውም፣ የጡቡ ጭቃም የሚገኘው ከእሷ ነው። ለሙርጋድ ግን ጎርፍ ዋሻውን የሚሞላ ጠላቱ ነበር። ጎርፉ በሃያ ቀን ውስጥ ካልመጣ ዘሩ መሬት ውስጥ እንዳለ ይሞታል።

ንግሥት ነሃርያ ሕዝቧን በአደባባይ ሰብስባ ጀግና ጠየቀች። የጦር አለቆቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ከቦይ ጠራጊዎቹ መካከል አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት ጭቃ የለበሰ ዶማዋን እንደያዘች ወጣች። ሺራት ትባላለች።

«ግርማዊት ሆይ፣ የሙርጋድ ዋሻ ከተወለድኩባት ከጋምቦር መንደር በላይ ነው፤ መንገዱን አውቀዋለሁ። ጎርፉን ሳላስመጣ ብመለስ የዘርማ ውሃ በጉሮሮዬ አይውረድ!»

«መሐላሽን ሰማሁ» አለች ንግሥቲቱ። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጥሩ ጀልባና የማይፈራ ሰው።»

ሁለቱም ተሰጣት። ጀልባው የሽማግሌው የአያ ጎማር ነበር፤ እሱም ሊቀዝፍ አብሯት ወጣ፤ የማይፈራውም ሰው ጋሻው በር የሚያህል፣ ሩዳን የሚባል የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነበር።

አሥር ቀን ሽቅብ ቀዘፉ። በየመንደሩ ሽማግሌዎች ቂጧ የተበሳ ገንቦ ውሃ ላይ አስቀምጠው፣ ገንቦዋ እስክትሰጥም ድረስ ለእያንዳንዱ እርሻ የቀረችውን ውሃ በተራ ሲያካፍሉ አዩ። በአምስተኛው ቀን ረግረግ ሲያቋርጡ መናፍስት በሟች ዘመዶቻቸው ድምፅ ጠሯቸው። ሺራት ከሦስት ዓመት በፊት የሞተውን አባቷን ሰማች፤ እንባዋ ቢወርድም መቅዘፊያዋን አልለቀቀችም።

በአሥረኛው ቀን ቀትር ላይ ገደሉ ውስጥ ደረሱ። ሙርጋድ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ተኝቷል። ነጋሪቱ ከጀርባው፣ ከዋሻው አፍ ነበር። ግን በሬ ያህላል፤ ስምንት ሰው ካልተሸከመው አይነሳም።

«መሸከም አያስፈልግም» አለ አያ ጎማር በሹክሹክታ። «እዚሁ ዘጠኝ ጊዜ ቢመታ ዘርማ ትሰማለች። ነገር ግን ለምንጯ ቅርብ ነንና ቀስ ብላ አትመጣም፤ በአንድ ጊዜ ነው የምትወርደው። ሜዳው ላይ ስትደርስ ተዘርግታ ትረጋጋለች። ከገደሉ አፍ ያለውን ግን ጠርጋ ትወስደዋለች።»

«ከገደሉ አፍ ያለችው ጋምቦር ናት» አለች ሺራት።

ሩዳን መሬት መሬት አየ። «ሳንነግራቸው ብንመታው ያልቃሉ። ብንነግራቸው ደግሞ እሺ አይሉም።»

«እንነግራቸዋለን» አለች ሺራት። «እምቢም ካሉ መሬቱ የእነሱ ነው።»

ወደ መንደሯ ሲወርዱ፣ ሦስት መቶው የጋምቦር ሰው በሸክላ ማቃጠያው ዙሪያ ተሰበሰበ። ሺራት ምንም ሳትደብቅ ተናገረች። አንድ ተምር አልሚ ገበሬ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ዛፎቼን የተከለልኝ አያቴ ነው። ኤልዳማ ግብር ልትሰበስብ እንጂ መቼ መጥታ ታውቃለች? አሁን ለእሷ ብዬ ቤቴን ላፍርስ?»

ብዙዎች አጉረመረሙ። ያኔ የመንደሯ አውራ ሸክላ ሠሪ፣ የሺራት እናት ሜራሽ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ቆመች።

«እውነቱን ነው የተናገረው፤ ኤልዳማ ረስታናለች። ግን እናንተ ሰዎች፣ ከመካከላችን ልጁን ወደ ታች ያልዳረ ማን አለ? የልጅ ልጆቻችን የሚበሉት የዚያን ሜዳ ገብስ ነው። ቤት ጭቃ ነው፤ ሲፈርስ ይሠራል። በረሃብ የሞተ ልጅ ግን አይሠራም። እኔ ጎጆዬን ሰጥቻለሁ።»

ገበሬው ቀና ብሎ ተምሮቹን አየ። በመጨረሻም «መሰላል አምጡልኝ» አለ፤ «ፍሬውን እንኳ ላውርድ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ወደ ኮረብታው ተመላለሱ። ፍየሉን፣ ወፍጮውን፣ ገንቦውን፣ በሽተኛውን ሁሉ አወጡ። ሜራሽ ልጇን ወደ መቃብሩ ቦታ ወሰደቻት።

«አባትሽን ተሰናበቺው። ከእንግዲህ የምንጎበኘው መቃብር አይኖረንም።»

ሺራት ተንበርክካ አፈሩን ሳመችው። ያን ያህል ከብዷት የሚያውቅ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ቀትር አያ ጎማር ከገደሉ ጫፍ ገመድ ለቀቀ። ሺራት ከሩዳን ጋር በገመዱ ወርዳ፣ በተኛው አውሬ ጎን አልፋ ነጋሪቱ ዘንድ ደረሰችና ዶማዋን አነሳች። የመጀመሪያው ምት ተራራውን አናወጠው። ሙርጋድ ዐይኑን ገለጠ።

«ምቺው! እኔ አለሁ!» ብሎ ሩዳን ጋሻውን ወደ ነጋሪቱ በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ተከለ። አውሬው ሲገፋ ጋሻው ተሰነጠቀ፤ በአምስተኛው ምት የሩዳን ግራ ክንድ ተሰበረ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሺራት ስምንት አለች፤ ዘጠኝ አለች። ከዚያ ምድር ከሥሯ አገሳች።

ገመዱን ይዘው ሲንጠለጠሉ አያ ጎማርና የጋምቦር ጎልማሶች ስበው አወጧቸው። ከእግራቸው በታች ዘርማ ነጭ ሆና አለፈች። ሙርጋድ ጥፍሩን ዐለት ላይ ተከለ፤ ዐለቱ አብሮት ተነቀለ፤ ጎርፉም ዋጠው። ከዚያም ጋምቦር፣ ግድግዳዋ፣ ተምሯ፣ መቃብሯ፣ እሳት ከውስጡ ጠፍቶ የማያውቀው ማቃጠያዋ፣ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ አልነበረችም።  ሜራሽ ወደ ገደሉ ጫፍ ሮጣ የልጇን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ውሃው በታችኛው ሜዳ ተዘረጋ፤ ቦዮቹ ሞሉ፤ ገብሱ በቀለ። ነጋሪቱንም ዓሣ አጥማጆች ሸምበቆ ውስጥ አገኙት።

ጎርፉ ሲጎድል ንግሥት ነሃርያ ከነሹማምንቷ ወደ ኮረብታው መጣች።

«ሺራት ሆይ፣ ወርቅ ወይስ ሹመት? የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ግርማዊት ሆይ፣ መንደራቸውን የሰጡት እነዚህ ናቸው። እነሱን ይጠይቁ።»

ሜራሽ ወደ ፊት ወጣች። «ወርቅ ጣራ አይሆነንም። ሦስት መቶ ነፍስ ሜዳ ላይ ቀርተናል። ጭድ አለን፣ ጭቃ ዘርማ ሰጥታናለች። ያጣነው የጡቡን ጭቃ የሚረግጥ እግር ነው።»

ሹማምንቱ ደነገጡ። ንግሥቲቱ ግን ጫማዋን አወለቀች፤ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጠች፤ ለጡብ በተቆፈረው የጭቃ ጉድጓድ ውስጥም ገባች። ሹማምንቱ አንድ በአንድ ጫማቸውን እያወለቁ ተከተሏት።

ሜራሽ ወገቧን ይዛ ጥቂት ተመለከተች።

«ግርማዊት ሆይ» አለች፤ «ተረከዝዎን ጫን ያድርጉት። እንዲህ ከሆነ ጡቡ ይሰነጠቃል።»

ንግሥቲቱም ተረከዟን ጫነች።