አስራ ሦስተኛው ሥዕል

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝ አልቀየማችሁም... እኔም ያመንኩት በእጄ ስለነካሁት ብቻ ነው።

ሰኔ ወር፣ ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ባግዳድ፣ የኮምፒውተር ገበያው ሁለተኛ ፎቅ፣ የምሠራባት ጠባብ የጥገና ሱቅ ውስጥ ነበርኩ።

አሠሪዬ ኡስታ ጀባር፣ ኡስታ ማለት ዋና ባለሙያ ነው፣ ለምሳ ወጥቷል። አብራኝ ያለችው እህቴ ሹሩቅ ብቻ ናት።

ሹሩቅ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ ናት። ለመመረቂያዋ የነደፈችውን ክሊኒክ አስራ ሁለት ሥዕሎች እስከ አስር ሰዓት መላክ ነበረባት። አባቴ ደግሞ፣ «ዘንድሮ ከወደቅሽ በቃ፣ ትምህርት የለም» ብሏታል።

አሮጌው ላፕቶፗ አንዱን ሥዕል አውጥቶ ለመጨረስ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል።

«ከራር፣ አንድ ነገር አድርግ እንጂ!» አለችኝ። «ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር ታወራ የለ? ለምነዋ!»

በዚያ ዘመን ላፕቶፕ ላይ አንድ ብሎን አዙሮ ፕሮሰሰሩን፣ አንጎሉን፣ መቀየር ይቻላል። የሚገጥም ፈጣን ፕሮሰሰር ደግሞ መደርደሪያው ላይ፣ ባለቤቱ ሳይወስደው በቀረ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር። የተለጠፈበት ወረቀት «አቡ ዘይዱን» ይላል። ከስሙ ሥር ስልክ ቁጥር አለ።

የኡስታ ጀባር ሕግ ግልጽ ነው። ባለቤቱ ሦስት ወር ከጠፋ፣ ሦስት ጊዜ ይደወልለታል። ካላነሳ ማሽኑ ለመለዋወጫ ይፈታል።

እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ማውራት አልችልም። አፌ ይደርቃል።

ጥሪ የሚመዘገብበት ደብተር ላይ፣ ከስሙ ጎን ሦስት ምልክት አደረግኩ...

አንድም ጊዜ አልደወልኩም።

የአቡ ዘይዱንን ላፕቶፕ ስከፍተው፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት መድረቅ ነበረበት። ስድስት ወር ሙሉ አልበራም።

ቅባቱ እርጥብ ነበር።

ፕሮሰሰሩም ሞቅ ይላል...

ሙቀቱ የሰኔ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በአልኮል ጠረግኩት፣ አዲስ ቅባት ቀባሁ፣ የሹሩቅ ላፕቶፕ ላይ ገጠምኩት።

የመጀመሪያው ሥዕል በስምንት ደቂቃ አለቀ።

«ነፍስ ነህ!» ብላ ጀርባዬን መታችኝ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ያ ፕሮሰሰር እንዲህ አይፈጥንም።

አራተኛው ሥዕል ላይ ሹሩቅ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ሰው ጨምረሃል?» አለች በሹክሹክታ።

«የት?»

«መንገዱ ላይ... እኔ አንድም ሰው አልሣልኩም።»

ከክሊኒኩ ርቆ አንድ ሰው ቆሟል። የጥፍር ያህል ነው።

ስድስተኛው ላይ አጥሩ ጋ ደርሷል።

ዘጠነኛው ላይ ደረጃው ላይ ነው። ፊቱ አይታይም።

አስራ አንደኛው እንዳለቀ ኡስታ ጀባር ዳቦውን በብብቱ ይዞ ገባ።

«ይህን ሽማግሌ ላፕቶፕ እስካሁን አልቀበራችሁትም?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መደርደሪያው ላይ የተፈታውን ማሽን አየ።

«ለአቡ ዘይዱን ደወልክ?»

«አዎ።»

«ሦስት ጊዜ?»

«...አዎ።»

«አላነሳም?»

«አላነሳም።»

ዳቦውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«እኔ ትናንት ደውዬለት ነበር፣ ከራር። ወዲያው ነው ያነሳው።»

«ምን አለ?»

«'መንገድ ላይ ነኝ' አለ።»

የላፕቶፑ ማራገቢያ ይዞራል።

«ፕሮሰሰሩን አውጣው» አለኝ። «አሁኑኑ።»

ሹሩቅ ላፕቶፑን በሁለት እጇ ያዘች። «ኡስታ፣ በአላህ! አንድ ብቻ ነው የቀረኝ። ከጠፋ ዓመቴ ጠፋ!»

ጠበቅናት። አስራ ሁለተኛው ሲያልቅ ሰውዬው የክሊኒኩ በር ላይ ነበር፤ እጁ መዝጊያውን ይዟል። ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም ላከች።

ከዚያ ማጥፊያውን ተጫነች።

አልጠፋም።

ገመዱን ነቀልኩ። ባትሪውን አወጣሁ።

ማራገቢያው እየዞረ ነው...

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ገለበጥኩት፤ ስክሪኑ ወደ ሹሩቅ ተንጠለጠለ። ክዳኑን ፈታሁ፣ ማቀዝቀዣውን አነሳሁ።

ፕሮሰሰሩ የለም።

ጣቴን ሰደድኩ። ቦታው ባዶ ነው። ቀዝቃዛ ነው። የቀባሁት ቅባት እንኳ የለም።

«ከራር...» አለች ሹሩቅ። «ሌላ ሥዕል ጀመረ።»

የዚያኔ ስልኳ ጮኸ። መምህሯ ነው። መልእክቱን ጮክ ብላ አነበበችው።

«አስራ ሦስቱም ሥዕሎች ደርሰውኛል። አልፈሻል።»

ዞሬ ስክሪኑን አየሁ፤ አስራ ሦስተኛው ገና ከላይ ወደ ታች እየወጣ ነበር፤ የሰውዬው ፊት፣ ከቅርብ...

ፀጉር። ግንባር።