ከመሊካ አልጋ በላይ

አባቷ «የቤታችንን ኮርኒስ ከረመዳን በኋላ እሠራዋለሁ» ካሉ ሦስት ረመዳን አለፈ። ጣይባ አልረሳችውም። አባቷ ሙዐዊያ በሸዋ ሮቢት የታወቁ የኮርኒስ ሠራተኛ ናቸው፤ የስንቱን ሆቴልና ሱቅ ቆርቆሮ ከሥሩ ሙቀት የሚከለክል ፎም እየወተፉ አቀዝቅዘዋል። የራሳቸው ቤት ጣሪያ ግን ባዶ ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ ሰው አያስቀምጥም።

ዛሬም ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የስድስት ዓመት እህቷን መሊካን አልጋው ላይ በሙቀት ተዝለፍልፋ አገኘቻት። እናታቸው በእርጥብ ሻሽ ደረቷን ትጠርጋለች።

«ደግሞ?» አለች ጣይባ።

«ደግሞ» አለች እናቷ፣ ቀና ሳትል።

ጣይባ ቦርሳዋን ጥላ አባቷ ወደሚሠሩበት ወደ እትዬ ሸዋዬ ሆቴል ሮጠች። አባቷ መሰላል ላይ ናቸው። ከሥራቸው የተራረፈ ፎም ተከምሯል፤ ጋሪ መጥቶ የሚጥለው።

«አባባ፣ ይኼን ልውሰደው?»

«ቁርጥራጭ? የሙዐዊያ ቤት ተጣጣፈ ሊባል ነው? ሙሉ ሙሉውን ገዝቼ እሠራዋለሁ አልኩ እኮ!»

«መቼ?»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ኮርኒሱ መለሱ። መሰላሉን የያዘው ሠራተኛ ሳቀ፦ «ኧረ ልጅት፣ አለቃን ፈተና ላይ ጣልሻቸው!»

ጣይባ አልሳቀችም። ወደ ባለሆቴሏ ዞረች። «እትዬ፣ ይኼ የሚጣል ነው?»

«ከወሰድሽልኝማ ገላገልሽኝ! ጋሪው ያድርስልሽ» አሉ እትዬ ሸዋዬ።

ቤት ደርሳ ከመሊካ አልጋ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርባ ወጣች። ምሳ ስታመላልስ አባቷ ሲሠሩ አይታለች፤ ፎሙ ጣሪያውን በተሸከሙት እንጨቶች መሃል ይገባል። የመጀመሪያውን በልኩ ቆረጠችው፤ ተንሸራቶ ጭንቅላቷ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ትንሽ አስፍታ ቆርጣ በግድ ስታስገባው ተሰንቅሮ ቀረ። የቀረውን ክፍተት በቀጫጭን ቁርጥራጭ ወተፈችው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባቷ መጥተው በር ላይ ቆሙ። ከአልጋው በላይ ያለው ፎም ጠማማ ነው፣ የተጣጣፈ ነው። መሊካ ከሥሩ እንቅልፍ ወስዷታል። ወደ ውስጥ ገቡና እጃቸውን ሰቅለው አንዱን ጎተት አደረጉት። አልወጣም።

«ይኼ ነገር እሳት ይወዳል» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከሥሩ የቺፑድ ጣውላ ሳይለብስ እንዲሁ አይቀመጥም።»

«እንግዲያው ያልብሱታ፣ አባባ።»

ከወንበሩ ግን አልወረደችም። ቢላዋዋን አነሳችና የሚቀጥለውን ቁራጭ መለካት ጀመረች።