ከጫፍ የተሰፋው መስመር

እማማ ፀሐይቱ በስፌት መኪናቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ሲገኙ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሬሳውን ያገኘችው አብራቸው የምትሰፋው ነፊሳ ናት። የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ፍሰሐም ሳይውል ሳያድር የፊጥኝ አሳሰራት። ሁለት ልጆቿ በር ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ያ ሁሉ የልደታ ሰፈር ሰው፣ እኔም ጭምር፣ መሬት መሬት ያያል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

መርማሪው መቶ አለቃ ሚደቅሳ ሲደርስ ከሟቿ አፍ የትራስ ጥጥ አገኘ። ታፍነዋል። ፍሰሐ እንዳለው፣ ስምንት ሰዓት ላይ ለስብሰባ ሊጠራቸው ገብቶ በሰላም ተለያይተዋል፤ ከእሱ ወዲህ የገባችው ነፊሳ ብቻ ናት። ጎረቤታቸው ዙሃራም ፍሰሐ እማማ ቤት ሳለ የስፌት መኪናው ሲሠራ ሰምታለች። ሲወጣም «በሉ እማማ፣ ደህና ይዋሉ» ብሏል፣ ጮክ ብሎ።

«ሬሳ አይሰፋም፣ መቶ አለቃ» አለ ፍሰሐ።

ሚደቅሳ መኪናው ላይ የነበረውን ድሪቶ ዘረጋው። ከሰፈር በተለቃቀመ ቁራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ ጥጥ የገባበት፣ ሁለት አልጋ የሚሸፍን ነው። መሐሉ ላይ ጥጡን የሚይዙ ሦስት ቀጥ ያሉ የስፌት መስመሮች አሉ፤ ጫፉ ላይ ጨርቁን ያጨማደደ አንድ ጠማማ መስመር። ዙሃራ ጠዋት ጨርቁን ይዛላቸው ስለነበር ጠየቃት። እስከ ቀትር የተሰፋው የመሐሉ ሦስት ብቻ ነበር።

«ለምን ከመሐል?» አላት ነፊሳን።

«የቤት ስፌት መኪና ጠባብ ነው፣ ጌታዬ። ድሪቶው ተጠቅልሎ ነው በመኪናው ክንድ ሥር የሚያልፈው። ከጫፍ ከጀመሩት ጥጡ ይገፋና መሐሉ ያብጣል። እማማ በሕልማቸውም ከጫፍ አይጀምሩም።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መሐል ላይ የተሰፋውን ሰማያዊ የሸሚዝ ኪስ በአገጯ ጠቆመችው። እማማ ለልጃቸው ለጋሻው በእጃቸው የጠገኑት ኪስ ነው። ጋሻው አምና ያንን ሸሚዝ እንደለበሰ በጠራራ ፀሐይ ተወስዶ ቀረ፤ ፍሰሐም ወሳጁን አላውቅም ብሎ ምሎ ነበር። ኪሱ ግን የወጣው ከፍሰሐ ቤት ከመጣ የቁራጭ ከረጢት ነው። እማማ ጠዋት «ዛሬ እጠይቀዋለሁ» ብለዋት ነበር።

ሚደቅሳ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበና ወደ ፍሰሐ ዞረ።

«ከቀትር በኋላ የተሰፋችው ይቺ የጫፏ መስመር ብቻ ናት። ዙሃራ የሰማችውም እሷን ነው። ያኔ እቤት የነበራችሁት አንተና እማማ ናችሁ፤ እማማ ደግሞ እንዲህ አይሰፉም። ልጄን የት አደረስከው ቢሉህ አፈንካቸው። ከዚያ በሕይወት አሉ ለማሰኘት መኪናውን ራስህ ነዳህ። ሬሳ አይሰፋም፣ ፍሰሐ። ነፍሰ ገዳይ ግን ይሰፋል።»

ፍሰሐ ነገ በበላይ አካል እንደሚያስጠይቀው እየዛተ እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ሚደቅሳ ቀድሞ ሽጉጡን ነጠቀው። የነፊሳን ገመድ ፈትቶ በዚያው አሰረው።

ነፊሳ ልጆቿን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ያቺን ጠማማ መስመር ልትተረትር መቀስ አነሳች። ሚደቅሳ እጇን ያዘ፤ መስመሯ ማስረጃ ስለሆነች ፍርድ ቤት መቅረብ ነበረባት።

«እጠብቃለሁ» አለች ነፊሳ ፍሰሐን እያየች። «ዓመትም ይፍጅ። እሷን ሳልተረትር ድሪቶው አያልቅም።»