አባቴ ያልመለሰው ጥሪ

ይህን መጻፍ ይገባኛል ወይ እያልኩ ብዙ ቀን አመነታሁ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ እመኑኝ።

አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፣ የምንኖረው ለቡ ነው። መምህራችን የአንድ ትንሽ ቦታ ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ ሲሉን አባቴ ያደገበትን የጣውላ መሰንጠቂያ ሰፈር መረጥኩ፣ ከፋ ጫካ ውስጥ ነበር፣ ዛፉ ሲያልቅ ማሽኑ ተነቅሎ ሄደ፣ ሰዉም ተበተነ። አባቴ ግን ስትሮክ ከመታው ጀምሮ አንደበቱ ተዘግቷል፣ ከእጃችን እንዳያመልጥ ቀን ከሌት እንጠብቀዋለን፣ ስለዚህ አብሮት ዛፍ ይቆርጡ የነበሩትን ጋሽ ቶላን ልጠይቅ መካኒሳ አቦ ሄድኩ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ደግሞ እንጨት ያስተምሩሻል?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ የሥራውን ወግ ነገሩኝ። ዛፍ ከመውደቁ በፊት አለቃው ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ ሦስቴ ይመታል፣ ሠራተኛው ሁሉ ተራ በተራ «ወጥቻለሁ» ይላል፣ ዛፉ ከሚወድቅበት ርቄያለሁ ማለቱ ነው፣ አንድ ሰው ዝም ካለ እስኪመልስ ይጠበቃል እንጂ መጋዝ አይነካም። ሁሉንም ጻፍኩ።

በማግስቱ እሁድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ማስታወሻዬን ስገለብጥ ግድግዳው ሦስቴ ተመታ። ለቡ መቼም ግንባታ አያጣም ብዬ ወጥቼ ባይ ማንም የለም፣ ድምፁም የብሎኬት አልነበረም፣ የእንጨት ነበር። ስመለስ ቤቱ አዲስ የተቆረጠ እንጨት ይሸታል፣ አባቴ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ነክሷል፣ ላብ አጥምቆታል።

በየቀኑ በዚያው ሰዓት ሆነ። እማዬ ትጸልያለች፣ አባቴ ጭራሽ እህል አልወስድ አለ። በስድስተኛው ቀን አላስቻለኝም፣ የሚመታው ነገር መልስ ካገኘ ይተወው ይሆናል፣ ላሳርፈው ብዬ በእሱ ፈንታ «ወጥቻለሁ» አልኩ።

አባቴ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ወዲያው ከላያችን ረጅም የመሰንጠቅ ድምፅ መጣ፣ በሰፈራችን እኮ አንድም ትልቅ ዛፍ የለም።

ወደ ግቢ ወጥቼ ለጋሽ ቶላ ደወልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

«ማነው የመለሰው? ራሱ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ለእሱ ብዬ።»

«ልጄ፣ በሌላ ሰው ፈንታ አይመለስም። አባትሽ አንዴ በታናሽ ወንድሙ ፈንታ መለሰ፣ ልጁ ለካ ከዛፉ ሥር ተኝቶ ነበር።»

ሮጬ ስገባ እማዬ የአባቴን ዓይን እየከደነች ነበር።

ሐኪሙ ሁለተኛ ስትሮክ ነው አለ፣ ይሁን። ጽሑፉን እስካሁን አላስረከብኩም፣ ሰው በስሜ ሲጠራኝም ቶሎ አልመልስም። የግድግዳው ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው ዓርብ፣ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።