የሁለት ደቂቃ ሰላምታ

ብስክሌቱን ተሸክሞ የጥገና ሱቁ በር ላይ ሲደርስ፣ ልጅቷ የጎበጠ ጎማ እያቃናች ነበር። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ታጠብቃለች፣ ጎማውን ታሽከረክራለች፣ ደግሞ ታላላለች። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት።

«ሽቦ ተሰብሮብኝ ነው» አላት።

«የሚቃናው የትኛው ነው? ጎማው ወይስ ጀርባህ?»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ብስክሌት ሲነዳ ከማንም በላይ ስለሚያጎነብስ የቡድን ጓደኞቹ ጎብጤ ይሉታል፤ እሷ ግን ይህን ሳታውቅ ነው የደረሰችበት። በሳምንቱ ሌላ ሽቦ ተሰበረበት። በቀጣዩም ሳምንት እንዲሁ። በአራተኛው ስትመለከት ሽቦው በመቁረጫ የተቆረጠ ነው።

«ሌላ ጊዜ ሳትቆርጥ ዝም ብለህ ና» አለችው።

ጎብጤ የሚገባበት ጠፋው። ፍቅራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ሱቁ የሳቸው ነው፤ በወጣትነታቸው ስመ ጥር ብስክሌተኛ ነበሩ ይባላል። የማንንም ብስክሌት ይጠግናሉ፣ ከማንም ጋር ይጫወታሉ፤ ተወዳዳሪ ብስክሌተኛ ሲገባ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። ጎብጤ እንደምንም ደፍሮ «ጋሼ፣ ልጅዎን ላገባት እፈልጋለሁ» ሲላቸው ከሥራቸው ዓይናቸውን አላነሱም።

«ብስክሌትህን እጠግንልሃለሁ። ልጄን ግን ለተወዳዳሪ አልሰጥም» አሉና ነገሩን ዘጉት።

ምክንያቱን ልጅቷ ታውቃለች። በብስክሌት ውድድር ውስጥ የትም ያልተጻፈ፣ ሁሉም ግን የሚያከብረው ደንብ አለ። ውድድሩ በአንዱ ተወዳዳሪ የትውልድ ከተማ ሲያልፍ፣ ባለ ከተማው ሌሎቹን ያስፈቅዳል። እነሱም ፍጥነታቸውን ይቀንሱና ቀድሞ ሄዶ ቤተሰቡን እንዲስም ይለቁታል። እሱ ደግሞ ወርዶ፣ ስሞ፣ ተስሞ፣ እስኪደርሱበት ቆሞ ይጠብቃል። በሰላምታ ያገኘውን ርቀት ለማሸነፊያ አያውለውም። ፊርማ የለው፣ ዳኛ የለው፤ ያለው የሰው ቃል ብቻ ነው።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት አባቷ አንድ ትልቅ ውድድር ሊያሸንፉ ተቃርበው ሳለ፣ የልብ ጓደኛቸው «እናቴን ልሳማት» ብሎ ለመናቸው። ሌሎቹን አሳምነው ያስለቀቁት እሳቸው ናቸው። ጓደኛቸው በእናቱ በር ላይ እጁን እንኳ ሳያነሳ አልፎ ሄደ፤ አሸነፈም። አባቷ በማግስቱ ውድድር በቃኝ አሉ።

ዘንድሮ ውድድሩ በከተማቸው፣ ያውም በሱቁ ፊት ለፊት እንደሚያልፍ ሲሰማ፣ ልጅቷ ልቧ ድንግጥ አለ። ጎብጤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው።

«አባዬ፣ ያንን ታሪክ ልንገረው?»

«እንዳትነግሪው!» መፍቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «ተነግሮት የሚቆም ሰው ምን ያደርግልኛል? ለኔ ብሎ እንዲቆም አልፈልግም። የሚያልፍም ከሆነ ሲያልፍ በዓይንሽ እዪው።»

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ጎብጤ መጥቶ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዳገቱ፣ ዘንድሮ ካላሸነፍክ ከቡድኑ ትወጣለህ ስላለው አሰልጣኙ ሲያወራ፣ እሷ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እየመለሰችው አዳመጠችው።

«ምነው ዝም አልሽ፣ ባለሙያዬ?»

«ምንም። ደህና ተኛ» አለችው። እሷ ግን ደህና አልተኛችም።

በማግስቱ መንገዱ ዳርና ዳር በሰው ተሞላ። ጎብጤን ያሳደጉት አክስቱ ከሁሉ ፊት ወንበር ይዘዋል። ሱቁ ውስጥ ሬድዮው ተከፍቷል። «ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ይቀራል!» አለ ዘጋቢው። «የከተማው ልጅ ፈቃድ ጠየቀ! ሁሉም የሚሰማው አንጋፋው ተወዳዳሪ እጁን አነሳለት፤ ለቀቁት!»

ጎብጤ ብቻውን ከመታጠፊያው ብቅ አለ። አመጣጡ አስደነገጣት። ጀርባው ጎብጦ፣ አንገቱን ቀብሮ ይከንፋል፤ ሊቆም ያሰበ ሰው አይመስልም።

«አለፈ» አሉ አባቷ ከበሩ ላይ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ በሚመስል ድምፅ።

ያን ጊዜ ፍሬኑ ሲጥ አለ። ጎብጤ ከብስክሌቱ ዘሎ ወረደ፣ አክስቱን አገላብጦ ሳማቸው፣ ከዚያ ወደ እሷ መጣ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ሁለት ደቂቃ ቀድመሃቸዋል!» ብሎ የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ከሱቁ በር ላይ ጮኸ። «ምን ትጠብቃለህ? ሂድ እንጂ!»

«ሂድ! ሂድ!» ሕዝቡ ተቀበለው።

ጎብጤ አሰልጣኙ የሚያዝበትን ማዳመጫ ከጆሮው አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። አሰልጣኙ ከመዳፏ ውስጥ ይንጫጫል።

«ምን እያለ ነው?»

«ሰላም በልልኝ እያለ ነው።»

ሰውየው የሚለውን ግን ጥርት አድርጋ ሰማችው፤ «አሁኑኑ ካልሄድክ ነገ ዓይንህን እንዳላይ!» ይላል። እሷም ሰው ናት። አባቷ ምንም ቢሉ፣ የእሷም ጋብቻ ቢቀር፣ የለፋበት ነገር እጁ እንዲገባ ፈለገች።

«እንጀራህ ነው እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «ብትሄድ ማን ይፈርድብሃል?»

«የለቀቁኝ ለሰላምታ ነው» አላት። «እኔ ደግሞ ሰላም ብዬሽ ገና አልጠገብኩም።»

ሕዝቡ ይጮሃል፤ ሁለቱ ግን አይሰሙትም።

«አንተ ልጅ!» አሉ አባቷ፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ምን ይገትርሃል? መንገዱ ባዶ ነው እኮ!»

«ሰዎቹ እየመጡ ነው፣ ጋሼ። እስኪደርሱ ድረስ ውኃ ካለዎት ቢሰጡኝ።»

አባቷ ገብተው ውኃውን ራሳቸው አመጡለት።

ጠጥቶ ሳይጨርስ የጎማዎቹ ሹክሹክታ ተሰማ። አንጋፋው፣ ጎብጤ ቆሞ እንደጠበቃቸው ሲያይ፣ ራሱን ነቀነቀለት። ጎብጤ ብስክሌቱ ላይ ወጣና መሃላቸው ገባ፤ ወዲያው ከዓይን ተሰወሩ።

አባትና ልጅ ሬድዮው ፊት ተቀመጡ። የመጨረሻው ዳገት ላይ ጎብጤና አንጋፋው ሁሉንም ጥለው ወጡ። ዘጋቢው ትንፋሽ አጥሮታል። «አምስት መቶ ሜትር! ጎን ለጎን ናቸው! ማንም ማንንም አልለቀቀም! ሦስት መቶ ሜትር...»

አባቷ ድንገት ተነስተው ሬድዮውን ዘጉት።

«አባዬ! ምን ነካህ?»

«አግቢው።»

«እሺ፣ አሁን ክፈተው!»

«ቆይ፣ ስሚኝ። ውጤቱን ሳልሰማ ልንገርሽ ብዬ ነው። ኋላ ስላሸነፍኩ ነው የሰጡኝ እንዳይል። ቢሸነፍም አዝነውልኝ ነው እንዳይል። እኔ ልጄን የሰጠሁት ያን ውኃ የጠየቀኝ ጊዜ ነው።»

ጓደኛቸው ከከዳቸው ቀን ጀምሮ እንባ ያልወጣው ዓይናቸው ሞላ። ልጅቷ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ሬድዮውንም ረሳችው።

ያስታወሳት የመንገዱ ጩኸት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት፣ ፎጣውን እያውለበለበ በሱቁ ፊት ይሮጣል። «አሸነፈ! በግማሽ ጎማ! የኛ ልጅ አሸነፈ!» አክስቱ ወንበራቸው ላይ ቆመዋል። ልጅቷ እየሳቀችና እያለቀሰች ወጥታ ከሕዝቡ ጋር ጨፈረች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጎብጤ የተሸለመውን አበባ ይዞ መጣ።

«አሰልጣኙስ?» አለችው።

«ሁሉም ሰው ስለ መቆሜ ሲያወራ ጊዜ፣ ቁም ያልኩት እኔ ነኝ እያለ ነው።»

ሳቁ። ከዚያ እጁን ያዘችው።

«አባዬ እሺ ብሏል።»

ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ትንሽ ደበዘዘ። «ስላሸነፍኩ ነው?»

«ሳታሸንፍ በፊት። ገና ሦስት መቶ ሜትር ሲቀርህ፣ ሬድዮውን ዘግቶ ነው የነገረኝ።»

መስመሩን ሲያልፍ ያላለቀሰ፣ ዋንጫውን ሲቀበል ያላለቀሰ ሰው፣ የሱቁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አነባ። እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ያን ጎባጣ ጀርባውን አቀፈችው።

«ልጆቼ፣» አሉ አባቷ ከውስጥ፣ «ምን በር ላይ ያስቀምጣችኋል? ግቡ እንጂ!»